በሬ ክፍት ነው

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው ስለ ጃርት ጉድጓድ ነው።

ድሮ በአንድ ጫካ ከእንቁራሪቶች ባንድ ጋር ስትዘፍን የኖረች ጃርት ነበረች። እንቁራሪቶቹ ሲጮኹ የእሷ ድምፅ አይሰማም ነበርና አንድ ቀን ተሰናብታ ወጣች። እነሱ አኮረፉ፤ ሌላውም እሾኋን እየፈራ ቤቷን አይረግጥም። ክረምቱን ሙሉ ብቻዋን እየበላች፣ ብቻዋን እያሰበች፣ ብቻዋን አልበም ሠራች። ጎረቤት ሰምቶ ይመጣልኛል ብላ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን እንዲህ ይላል፦

«ቀኑም መሸ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ፤
በሬ ክፍት ነው፣ ግቡና አጫውቱኝ።»

ጫካው ወደደው። አዋቂዎቹም ዋርካ ሥር ለሂስ ተቀመጡ።

«ሰሙን ተዉትና ወርቁን እንፈልግ» አለ ሊቁ ጉጉት። «እሾህ የለበሰች ፍጥረት ያለ ነገር አትዘፍንም።»

«ወርቁማ ፊት ለፊት ነው» አለች ጦጣ። «ብታጠብቁት የቤቷ በር ነው፤ ብታላሉት አያ በሬ ነው። ‹አፉ ክፍት ነው› ማለቷ ነው!»

ጥግ ይዞ የሚያመሰኳው በሬ ደነገጠ። «እኔን? ምን አደረግኋት?»

«አፍህን ግጠም፣ አያ በሬ» አለችው ጦጣ። «ማስረጃ እየሆንክላት ነው።»

«እሱስ ቀላል ነው» አለ ጉጉት። «‹ግቡ› ያለችው የማን ግብ ነው?»

ክርክሩ ስለበረታ የዘፈኑን ባለቤት እንጠይቅ ብለው ሄዱ። ጃርት ኮቴ ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ቤቷን ጠራርጋ፣ ሥራሥሩን አቀራርባ፣ ማንንም እንዳይወጋ እሾኋን አስተኝታ ብቅ አለች።

«ኧረ እንግዶቼ! እንኳን መጣችሁልኝ፤ ግቡ!»

ጉጉት ወደ ጦጣ ዞረ። «ሰማሽ? ደገመችው።»

«እሜት ጃርት» አለ በሬ፣ «እኔ ነኝ ወይስ በር?»

«በር ነው፣ ወንድሜ። ይልቅ ቅመስልኝ።»

«ታዲያ ወርቁስ?» አለ ጉጉት።

«የለውም። ሰም ብቻ ነው።»

ተያዩ። «ጥልቀት እንደሌለው እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች ጦጣ፤ ጉጉትም ራሱን ነቀነቀ። በሬ አንገቱን ሊያስገባ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ጓደኞቹ ሲሄዱ ግን ተከተላቸው።

ጃርት ደጇ ላይ ቆማ ሸኘቻቸው።

«ወርቅ ያጡበት ሰም» አለች፣ «ጧፍ ይወጣው ነበር፤ የሚለኩሰው ጠፋ እንጂ።»