ዐዋጢፍ ዘሆሞሻ ግራምን በግራም የሰረዙበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ፣ የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት በነገሠ ጊዜ፣ በአሶሳም መብራት መጣ ሲሉት በሚሄድበት ወራት፣ የሰሊጥ ነጋዴይቱ የወይዘሮ ዐፊፋ ልጅ፣ ጋውናቸው ነጭ፣ ልባቸው ኩሩ የሆነ ወይዘሪት ዐዋጢፍ ዘሆሞሻ የመድኃኒት ስሌት የሚባለውን ብርቱ ጠላት ሊወጉ ተነሡ።

የጠቡም ምክንያት እንዲህ ነው። ወይዘሮ ዐፊፋ ጦርነቱ ሳይጀመር ድሉን በሆሞሻ ገበያ አስቀድመው፦ «ስማ! ልጄ ሲስተር ሆነ፣ ወላሂ! ጉልበት የሚያመው ይጠብቅ!» ብለው አውጀው ነበርና፣ ጉልበቱን ይዞ የሚጠብቀው ሽማግሌ በዛ። የስሌቱ መምህር አሻግሬ ደግሞ በአሶሳ፦ «ከመቶ መቶ ያላመጣ የሕሙማንን ደጃፍ አይረግጥም! ዘጠና ዘጠኝ ያመጣ አንድ ሰው ገድሏል!» ብለው አወጁ። ዐዋጢፍም ከወደቁ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆሞሻ ጤና ጣቢያ አይሄዱምና፣ የእናታቸው ቃል በገበያ መካከል ውሸት ሊሆን ነው።

በመለማመጃው ፈተናም ለአንድ የወረቀት ሽማግሌ ግማሽ ግራም ታዘዘለት፤ አንዱ ክኒን ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊግራም ነበረ። መምህሩ ቁጥር ከነመለኪያው እንዲጻፍ፣ ላይና ታች የተገናኘ አንድ ዓይነት መለኪያም እንዲሰረዝ ቢያስተምሩም፣ ዐዋጢፍ ትዕቢት ይዟቸው ቁጥሮቹን ራቁታቸውን አሰለፉና ሁለት መቶ ሃምሳን ለግማሽ አካፍለው አምስት መቶ ክኒን አዘዙ። መምህሩም፦ «ይህ ሽማግሌ መድኃኒቱን በጆንያ ተሸክሞ ይሂድ!» ብለው አወጁ፤ ሳቁም እስከ ባምባሲ ተሰማ ይባላል።

ዐዋጢፍም የእናታቸውን ዓይን ከማየት ቶንጎ ወዳሉት አክስታቸው መሸሽን መረጡ። አጅበዋቸው የወጡት የክፍል ጓደኞቻቸውም እነዚህ ናቸው፦ የባምባሲው ኤጀታ፣ ካልኩሌተር ያለው ባትሪ የሌለው፤ ሰሎሜ፣ ላጽናና ብላ የምታስለቅስ፤ ዓኢሻም፣ ሻንጣ ተሸካሚ፣ ሐሜት አከፋፋይ። መናኸሪያ በደረሱ ጊዜ ተራ አስከባሪው ጣሀ በርሜል ላይ ቆሞ፦ «ቀጥታ ቶንጎ የለም! ባምባሲ የደረሰ ይውረድ፣ ከባምባሲ ለቶንጎ ይሳፈር! ባምባሲ የሚቀር ሰው የለም!» ብሎ አወጀ።

ይህን በሰሙ ጊዜ ዐዋጢፍ አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ እንዳደረጉ ደርቀው ቀሩ። የሚወርዱበት ቦታ የሚሳፈሩበት ከሆነ ባምባሲ ተሰርዞ የሚቀረው ቶንጎ ብቻ ነው፤ ግራምም በሚሊግራም ላይ ወርዶ፣ ሚሊግራምም ለክኒን ከተሳፈረ፣ የሚቀረው ክኒን ብቻ ነው! በመዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት፤ አንዱ ግራም ሺህ ሚሊግራም ነውና ግራም በግራም ተሰርዞ ግማሹ ግራም አምስት መቶ ሚሊግራም ሆነ፣ ሚሊግራም በሚሊግራም ላይ ወደቀ፣ ሁለት ክኒኖችም በሜዳው ላይ ብቻቸውን ቆመው ተገኙ። ደስታው አላስቆም ቢላቸው ሻንጣውን ነጥቀው ወደ ትምህርት ቤታቸው ሮጡ፤ ኤጀታ ግን በታማኝነት ቀድሞ ተሳፍሮ ነበርና ብቻውን ባምባሲ ደረሰ።

በዋናው ፈተናም ከመቶ መቶ ማረኩ። በሆሞሻ ጤና ጣቢያ ግን ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን በቀረበ ጊዜ፣ የወረቀት ሽማግሌ አይሞትም፣ ይህ ግን ይሞታልና፣ መለኪያውን በመለኪያ ሰርዘው፣ ደግመው ሰርዘው፣ ለኃላፊዋም አሳይተው ሽሮፑን ሰጡት፤ ሕፃኑ ሒሳብ አያከብርምና በነጩ ጋውን ላይ ተፋው። እንደገና ለክተው ሰጡት፣ ዋጠው፤ ከሰዓት በኋላም ትኩሳቱ በረደ። ወይዘሮ ዐፊፋ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ጋውኑን በገበያው መካከል ከፍ አድርገው፦ «ይሄ ጋውን ያጠበ ከእኔ ጋር ተጣላ! ሰው ሁሉ ይየው!» ብለው አወጁ።

ግራምን በግራም የጣሉ፣ ሚሊግራምን በሚሊግራም የደመሰሱ፣ በጋውናቸው ላይ የሽሮፕ ኒሻን ያጠለቁ ሲስተር ዐዋጢፍ ዘሆሞሻ ስማቸው ይግነን፣ እጃቸው ይጽና! ይህን የሚጠራጠር ቢኖር ሕፃኑ ምስክር ነው፤ አፉን ሲፈታ ይጠየቅ።