ሰውዬ፣ ዋጥከው?

ባለፈው ቅዳሜ ሥጋ ቤት ተራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንድ ደግ ውሸት ሰማሁ። ሥጋ ሻጩ አንድ ሰው እያነከሱ ሲመጡ በመስኮቱ አየና፣ የተሰቀለውን ጉበት ቶሎ አውርዶ በፎጣ ሸፈነው። ሰውዬው ገብተው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ፣

«ጋሼ፣ ጉበት ዛሬም የለም» አላቸው። ወንበርም ሳበላቸው።

«ያንተ ከብቶች ያለ ጉበት ነው እንዴ የሚኖሩት?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ዘመኑ ከፍቷል።»

እኔም ፎጣውን እንዳላየሁ ሆንኩ። ሰውዬው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ ክቡር ዶክተር መርፌ ናቸው።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ በአንድ በሽታ ይያዝና ከራሱ በቀር የሁሉም ሐኪም ይሆናል። የእኛው ዶክተር ማዕረጋቸውን ያገኙት ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ነው። ሪህ አለባቸው። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሁሉ ምክር ሳይለካለት አይወጣም። «ውኃ ጠጣ! ቢራ ተው! ጉበትና ኩላሊት በሩቁ! ለስላሳውም ቢሆን ስኳሩ ጠላት ነው!» ጥርሱን የሚያመውንም፣ ፀጉሩ የሳሳበትንም የሚያክሙት በዚሁ ነው። ጣቱ ላይ ጠረጴዛ የወደቀበትን ፖስተኛ እንኳ «ጠረጴዛው ሰበብ ነው፤ ነገሩ ከቢራው ነው» ብለው ሸኙት። እሳቸውን ግን ሥጋ ቤት የሚያመላልሳቸው ያው ጉበት ነው።

ጣታቸው ሲነሳባቸው ሌላ ሰው ይሆናሉ። አብጦ፣ ቀልቶ፣ ክር ቢወድቅበት ያስጮኻቸዋል። የቀኝ ጫማቸውን አፍንጫ በመቀስ ቆርጠው፣ ጠርዙ እንዳይተረተር በጥቁር ክር ዘምዝመውታል። «ሕመምም ቢሆን ስፌቱ ይመር» ይላሉ። ሕመሙ ሲለቃቸው ደግሞ ሐኪም በየዕለቱ እንዲወስዱት ያዘዘውን ክኒን የልብስ ቁልፍ ወደሚያስቀምጡበት መሳቢያ ይወረውሩታል። «ሳያመኝ መድኃኒት? ሳይዘንብ ጃንጥላ!»

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ይህ ፍልስፍና አይሠራም ነበር። ወደ ሥራ ስሄድ የማልፈው በደጃቸው ነው፤ ያን ጊዜ የስፌት መኪናው ከማለዳ ጀምሮ ይንጣጣ ነበር። ድንገት ከጓዳ ድምፅ ይመጣል።

«ሰውዬ፣ ዋጥከው?»

«እየዋጥኩ ነው!»

«ውሸታም!»

ባለቤታቸው ውኃ በብርጭቆ ይዘው ይወጡና ደንበኛ ፊት አፋቸውን አስከፍተው ያያሉ። ክቡር ዶክተር እንደ ሕፃን ምላሳቸውን ያወጣሉ፤ እኛ እንስቃለን። «ክኒኑ እኮ ሕመሙን ሊያባርር አይደለም፤ እንዳይመጣ ነው» ይሉን ነበር ባለቤታቸው። ሐኪሙ ያስረዳውን ከታማሚው ይልቅ የሰሙት እሳቸው ነበሩ። ያ ዘመን ደግ ነበር። ጣትየውም ዓመቱን ሙሉ ዝም ይል ነበር።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚጠይቅ ጠፋ፤ ክኒኑም ከቁልፎቹ ጋር ቀረ። እኔ ግን በዚያ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ አሁንም ያንን ድምፅ ይጠብቃል።

ቅዳሜ ዕለት ከሥጋ ቤቱ እስከ ሱቃቸው ደገፍኳቸው። የተማሪ ዩኒፎርም ተቆርጦ ሳይሰፋ ተከምሯል፤ የመኪናው ፔዳል አቧራ ለብሷል። እግራቸውን በርጩማ ላይ አነሱ። ሳይመክሩኝ አሳልፈውኝ የማያውቁ ሰው ያን ቀን ስለ ውኃም ስለ ቢራም አላነሱብኝም። ይሄ አስፈራኝ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ምን አለ?»

«መገጣጠሚያው እየተበላ ነው አለኝ። ክኒኑንም እንደ አዲስ አዘዘልኝ። አሁንም ካቋረጥኩ ይህ እግር ፔዳል አይረግጥም።» ቁልፎቹ ያሉበትን መሳቢያ አዩት። «አሁንስ ሕመሙ ያስታውሰኛል። ሲለቀኝ ማን ያስታውሰኛል?»

«እግዚአብሔር አለልዎት ጋሼ።»

«እሱማ አለልኝ፤ ተመስገን። ግን ድምፁን ከፍ አያደርግም።»

ሳቅን። ከዚያ እጄን ያዙ።

«ጠዋት ጠዋት በዚህ ታልፋለህ አይደል? በሞቴ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። በሩ ላይ ቁምና እንደ እሷ ጮክ ብለህ፣ ‹ሰውዬ፣ ዋጥከው?› በለኝ።»

«እኔ? እርስዎን ‹አንተ› ልል?»

«አደራህን» አሉ። «በአንቱታ ከጠየቅኸኝ እዋሽሃለሁ።»