ሆዴን የሰፈሩት ወይዘሮ ማ

የሌላውን ሰው ጉርሻ የሚቆጥር አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ለእኛ፣ ለዴጉ ከተማው ፎጣ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ማ ግዮንግሱክ ናቸው፤ በሹመት የመጋዘን ኃላፊ፣ በገዛ ፈቃዳቸው የሆዳችን ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

በመጋቢት፣ በዓመታዊው የጤና ምርመራ፣ ሐኪሙ እስከ መኸር ስምንት ኪሎ ካልቀነስኩ የስኳር መርፌ እንደሚጀመርልኝ ነገረኝ። አባቴ እግሩን ያጣው በዚሁ በሽታ ነውና ፈራሁ። ፍርሃቴን ለወይዘሮ ማ መንገሬ ግን የዕድሜዬ ትልቁ ስህተት ነው። ዕድሜዬን፣ ቁመቴንና ክብደቴን ጠይቀው ወረቀት ላይ ቸከቸኩና የዕለት ቀለቤን ቆረጡልኝ፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ካሎሪ። “ቁጥር አያዳላም” አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ምሳ ሰዓት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሩዜን በማንኪያ ጀርባ ይደለድላሉ። ለመሥሪያ ቤት እራት ስንወጣ ስምንት ሰው በሚጨልፍበት የኮመጠጠ ጎመን፣ የኪምቺ ወጥ ላይ በመብያ እንጨታቸው መስመር ያሰምሩና “ከዚህ ወዲያ ያንተ አይደለም፣ አቶ ፒዮ” ይሉኛል። አበስኩ ገበርኩ፣ ወጥ ድንበር ያውቃል? የሥራ አስኪያጁ አባት ሞተው ለቅሶ ስንደርስ እንኳ አልማሩኝም። ከሟቹ ፎቶ ፊት ሰግደን ማዕድ እንደቀረብን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ሥጋውን ብላ፣ ሾርባውን ተው” አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኔ ቀልቶ ሲያየኝ ጀርባዬን ደባበሰኝ፤ ያዘንኩት ግን ለሾርባው ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ፊታቸው አመድ መስሎ መጡ። የኢንሹራንስ ቅጼን አይተው ኖሯል። እኔ በመጋቢት አርባ ስድስት ነኝ ያልኳቸው እናቴ እንደምትቆጥረው ነው፤ በእኛ ልማድ ሰው ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው፣ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥርም አንድ ይጨመርለታል። ቅጹ የሚለው ግን አርባ አራት ነው። ሁለት ዓመት አስረጅተው ነው የሰፈሩልኝ፤ ስሌቱ ደግሞ ለወጣቱ ይጨምራል።

በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጎንበስ አሉልኝ።

“በቀን አሥር ካሎሪ በድዬሃለሁ። በዘጠና ቀን ዘጠኝ መቶ ካሎሪ ከአፍህ ነጥቄሃለሁ።”

በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። “ለአሥር ካሎሪ ነው እንዲህ የሚሆኑት? የለቅሶው ሾርባስ?”

“ሾርባው ልክ ነበር” አሉ። “ይሄ ግን የራስህ ነበር።”

የጥቁር ባቄላ ድልህ የፈሰሰበት ኑድል ሥጋ ከተጠቀለለባቸው ሁለት የማንዱ ሊጦች ጋር አስመጡልኝ፤ ልክ ዘጠኝ መቶ። በቁጣ እያጋበስኩ ጀመርኩት። ግማሹን አለፍ እንዳልኩ ግን ስድስት ኪሎ የቀነሰው ሆዴ እምቢ አለ።

“ቀሪው አራት መቶ እርስዎ ዘንድ ይቆይ” አልኳቸው። ማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩት።

መኸር ገባ፤ መርፌው ቀረ። ወይዘሮ ማ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ፤ ቀሪውን ሊከፍሉኝ በየሳምንቱ ይጨቀጭቁኛል። እኔም ዛሬ አይመቸኝም እያልኩ እቆጣቸዋለሁ። ዕዳ ያለባቸው ሴት ዝም ብለው እንደማይጠፉ አውቃለሁና፣ ያችን አራት መቶ እስክሞት አልቀበላቸውም።