የወይዘሮ ፀዳለ የጠገራ አባዜ

ሰብሳቢ ሰው የሰበሰበውን አይወድም። የሚወደው ገና እጁ ያልገባውን ነው። ይህን የሚጠራጠር ካለ በየሰፈሩ ከማይጠፉት ሰብሳቢዎች ወደ አንዱ ቤት ጎራ ይበል፤ አምና ሲሳሳለት የነበረውን ዕቃ ዘንድሮ በር ማስደገፊያ አድርጎት ያገኘዋል። ቴምብር ይሁን የቢራ ክዳን፣ ሰዓት ይሁን ድንጋይ፣ በሽታው ያው ነው። ጁባ ላይ ይህን በሽታ በክብር ተሸክመው የኖሩት፣ ጁባ ና ባሪ በሚባል ሰፈር አነስተኛ ሆቴል ያላቸው ክብርት ወይዘሮ ፀዳለ ነበሩ።

የክብርትነታቸውን ነገር ከካሳዬ በላይ የሚያውቅ የለም። ካሳዬ የሆቴሉ ሪሴፕሽን ነው። ሪሴፕሽን ይባል እንጂ የውሃ ቦቴ የሚለምነውም፣ ቧንቧ የሚጠግነውም፣ ከእንግዳ ጋር የሚጨቃጨቀውም እሱ ነው። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፤ አዲስ ጄኔሬተር። የመንግሥት መብራት በወሬ በሚታወቅበት ከተማ ጄኔሬተር የሆቴል ነፍስ ነው። የነሱ ጄኔሬተር ደግሞ ከነዳጁ ይልቅ በካሳዬ ልመና የሚሠራ ይመስል ነበር።

"በዚህ ወር እንገዛለን፤ ቃሌ ቃል ነው" ይሉታል ወይዘሮ ፀዳለ። ከዚያ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ያያሉ።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 2016 በሐምሌው የጁባ ተኩስ ነው። እንግዳው ሁሉ ኮሪደር ላይ በደረቱ ተኝቶ ሳለ፣ ወይዘሮ ፀዳለ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ የታጨቀበት ማዳበሪያ እንደ ሕፃን አቅፈው ነበር። ተኩሱ ሲያልፍ ማዳበሪያውን ጥይት አልነካውም። ገበያው ግን ነካው፤ ወራት ሳይቆይ ያ ሁሉ ፓውንድ የወጥ ቤት አስቤዛ የማይሞላ ሆነ። ክብርትነታቸው ማዳበሪያውን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ "ካሳዬ፣ ከእንግዲህ ወረቀት አላምንም!" አሉና ዱባይ ለሚመላለሱ ነጋዴዎች ስልክ መቱ።

የልብስ ሳሙና የሚያህሉ የብር ጡቦች መጡ። ወይዘሮ ፀዳለ አንዱን ካሳዬ መዳፍ ላይ ዱብ ያደርጉና "ክብደቱን እየው! እየው እስቲ!" ይላሉ። አይቶ ሲጨርስ ደግሞ "ይኼ የመጨረሻዬ ነው" ብለው ይምላሉ። በሳምንቱ ሌላ የመጨረሻ ይመጣል። ጡቦቹ የሚደበቁት በርበሬ በርሜል ውስጥ ነበር። ወጥ ቤቷ ዝማሬ በርበሬ ልትዝቅ እጇን ስትሰድ ጥፍሯ ተሰብሮባት "እትዬ፣ እኔ እኮ የተቀጠርኩት ወጥ ልሠራ እንጂ ማዕድን ልቆፍር አይደለም!" ብላ ጮኸች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጀበል ኩጁር ተራራ በኩል ተኩስ ተንጣጣ። ወይዘሮ ፀዳለ ጡቦቹን በቦርሳ አጭቀው ወደ ውጪ በረሩ። በረሩ ማለት ማጋነን ነው፤ ተጎተቱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የቦርሳው ማንገቻ ልክ ዋናው በር ላይ ተበጠሰና ጡቦቹ አቧራው ላይ ተዘረገፉ። ካሳዬ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም፣ በር ላይ የቆመ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሾፌር እየሳቀ "ማማ፣ ማፊ ሙሽኪላ!" አላቸው። ችግር የለም ማለቱ ነው፤ ለካስ የሚተኮሰው ለሰርግ ኖሯል። ክብርትነታቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ካሳዬ የሚያመሰግኑት መስሎት ነበር።

"ክብደት ሞኝነት ነው" አሉት። "ሰው መያዝ ያለበት ቀላልና ብርቅ ነገር ነው።"

ጡቦቹ ተሸጡ። ካሳዬ የጄኔሬተር ዋጋ ሊያጠያይቅ ኩስቱም ገበያ ደርሶ ሲመለስ ግን ገንዘቡ በጠገራ ብር ተለውጦ ቆየው። ሪሴፕሽኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠገራ ፍርድ ቤት ሆነ። ወይዘሮ ፀዳለ ጠገራውን ሲሚንቶ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ብሩ ላይ ያለችውን ንግሥት የደረት ጌጥ በጥፍራቸው ይዳብሳሉ፣ ከዚያ "ደህና ናት" ወይም "አታላይ ናት" ብለው ይፈርዳሉ። ታዲያ አንድ እንግዳ፣ ጠገራ በየትኛውም ዘመን ይሠራ የሚጻፍበት ዓመት ያው 1780 እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸው የተጻፈውን ዓመት አይተው ሁሉንም ጥንታዊ ናቸው ብለው ነበር የገዟቸው። "በሉኛ፣ ዕድሜዋን የምትደብቅ ሴት ናት!" አሉ። የጠገራ ፍቅር እዚያ ላይ አበቃ።

ቀጥሎ ግመለኛ የታተመበት የድሮ የሱዳን ሳንቲም መጣ። ከሱ ቀጥሎ የምኒልክ ዘመን ብርና የብሩ ግማሽ የሆነው አላድ። እያንዳንዱ አዲስ ፍቅር አሮጌውን በኪሳራ እያሸጠ ነው የሚገባው። ክብርትነታቸው አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታቸው። ሻይ ይቀዳላቸዋል፣ ስልክ ይጮሃል፣ ብድግ ይላሉ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ካሳዬ እንግዳውን ፓስፖርት ሲጠይቅ እሳቸው ከኋላው ብቅ ብለው "አሮጌ ሳንቲም የለህም?" ይላሉ። አንድ ኬንያዊ መሐንዲስ በአንዲት የተሰነጠቀች ሳንቲም ሁለት ቀን ቁርሱን በላ።

በፈረንጆቹ 2018 ጄኔሬተሩ ተንፈራፍሮ ሞተ። ክፍሎቹ እንደ ምድጃ ጋሉ፤ እንግዳው ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። በዚያው ሳምንት ኮሎሎ ሰፈር ትልቅ ሆቴል ያላቸው አቶ ግዛው ለካሳዬ ደወሉለት።

"ሁለት ጄኔሬተር አለኝ። ያጣሁት እንዳንተ ያለ ሰው ነው። ሰኞ ና።"

ካሳዬ እሺ አለ። ማን እምቢ ይላል? ለወይዘሮ ፀዳለ የሚነግርበት አፍ ግን አጣ፤ ለዝማሬ ብቻ ነገራት። ጠዋት ጠዋት "እትዬ" ብሎ ይጀምርና "ውሃ አልቋል" ብሎ ይጨርሳል።

አርብ ዕለት እሳቸው ቀደሙት። "አቶ ሐጎስ ነገ ይመጣሉ። የምኒልኮቹን ልሸጥላቸው ነው። ጄኔሬተር እንግዛ።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አቶ ሐጎስ ከካርቱም እየተመላለሱ አሮጌ ሳንቲም የሚገዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ስንት ጊዜ ለምነዋቸው ወይዘሮ ፀዳለ አሻፈረኝ ብለው ነበር። ካሳዬ ደስ አለው። ብሮቹ ጥሩ ዋጋ ካወጡ ጄኔሬተሩ ይገዛል፤ እሱም ሴትዮዋን ጨለማ ላይ ጥሎ ሄደ አይባልም። ትንሽ ሊያግዛቸው ወሰነ።

ልጅነቱን ደብር ውስጥ ነው ያሳለፈው። በዓል ሲደርስ መስቀሉንና ጸናጽሉን በሎሚና በአመድ ፈትገው እንደ ፀሐይ ያበሩት ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ሎሚውን ጨመቀ፣ አመዱን ነፋ፣ የጠቋቆሩትን ብሮች አንድ በአንድ ፈተገ። ብሮቹ ላይ ያሉት አንበሶች ፊታቸውን የታጠቡ መሰሉ። በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሮ በኩራት ቆመ።

አቶ ሐጎስ መጥተው መነጽራቸውን ሰኩ። ብሮቹን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ማነው ያጠባቸው?"

"ምነው አባቴ፣ አላማሩም?" አለ ካሳዬ።

"ሰብሳቢ የሚገዛው እኮ ጥቁረቱን ነው፣ ልጄ። የመቶ ዓመት ጥቁረት! አሁን ትናንት የተሠራ ማንኪያ መስለዋል። ለአንጥረኛ ካልሆነ ለኔ አይሆኑም።"

ካሳዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አፉን ሊከፍት ሲል ወይዘሮ ፀዳለ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

"እኔ ነኝ ያጠብኳቸው። ወይዘሮ ነኝ፣ አቶ ሐጎስ። ቆሻሻ ዕቃ እንግዳ ፊት አላቀርብም።"

አቶ ሐጎስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሻያቸውን ጠጡና ሄዱ። ካሳዬ ወደ ወይዘሮ ፀዳለ ዞረ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ..."

"አውቃለሁ። እጅህ ሎሚ ሎሚ ይላል።"

"ታዲያ ለምን በራስዎ ላይ...?"

"በባዕድ ሰው ፊት ልትዋረድልኝ?"

"ዋጋ እንዲያወጡ ብዬ ነበር። ጄኔሬተሩ እንዲገዛ።"

ወይዘሮ ፀዳለ አንዱን አላድ አንስተው አገላብጠው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። "ጄኔሬተር ለኔ ምኔ ነው? እኔ ጨለማ መች ገደለኝ! ግዛው ሊወስድህ እንደሆነ ዝማሬ ነገረችኝ። መብራት ካለ አይሄድም ብዬ ነው ልሸጣቸው ያሰብኩት።"

ካሳዬ አፈረ። ከማፈሩም በላይ ደስ አለው፤ መደሰቱ ደግሞ የባሰ አሳፈረው። ለአንዲት ጄኔሬተር ዓመታት የለመናቸው ሴት፣ ለእሱ ሲሉ ነፍሳቸውን ጨርቅ ላይ ዘርግተው ነበር፤ እሱ ደግሞ በሎሚ አጠበላቸው። ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ። ክብርትነታቸው ግን አንድ ቦታ መቀመጥ የት ያውቃሉና፣ ስልካቸውን አንስተው አንዱን ነጋዴ "እስቲ ስለዚያ የድሮ የኪስ ሰዓት ንገረኝ" ማለት ጀምረዋል።

የካሳዬም ስልክ ጮኸ። ወደ በሩ ፈቀቅ ብሎ አነሳው።

"ሰኞ እጠብቅሃለሁ፣ አይደል?" አሉ አቶ ግዛው።

"አልመጣም፣ አቶ ግዛው።"

"ምን ጎደለ? ደመወዝ ነው? መብራት እንደሆነ ሞልቷል።"

"ሁሉም ሞልቷል። እዚያ የምጨቃጨቃቸው እትዬ የሉም።"

ዘጋው።

"ማነው?" አሉ ወይዘሮ ፀዳለ፣ የራሳቸውን ስልክ በመዳፋቸው ሸፍነው።

"የተሳሳተ ቁጥር ነው።"

"ግዛው ነው?"

"አዎ፣ ግዛው ነው።"

ወይዘሮ ፀዳለ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አሳረፉ።

"እንግዲያው ምን ቆመሃል? ሂድ ሻማ ግዛ። በርከት አድርገህ ግዛ።"