ባትሪ አለ፣ ድንጋይ የለም

ሰዎቹ፦
ደረሰ፦ የቢሮ ሠራተኛ፣ የእጅ ባትሪ ሰብሳቢ። የማያውቀው ነገር የለም፤ ራሱ እንደሚለው።
ኩማ፦ ጎረቤቱ፣ ዓሣ ነጋዴ። ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ደረሰ እንደሚለው።

[ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለቱ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ኩማ የዓሣ ሚዛኑንና ቅርጫቱን እግሩ ሥር አድርጎ፣ አንድ ቀይ የባትሪ ድንጋይ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርጋል።]

ደረሰ፦ አስቀምጠው አልኩህ! የባትሪ ድንጋይ እንደ ቆሮሶ ዓሣ በእጅ አይመዘንም!

ኩማ፦ ቀለለኝ እኮ።

ደረሰ፦ ይቅለልሃ! ቴክኖሎጂ ነው። ስልክ ድሮ ጡብ ያክል ነበር፣ ዛሬ ቀለለ። ምነው ያኔ አልጮህክም?

ኩማ፦ ቆሮሶ ሲቀለኝ ግን ሆዱን እከፍታለሁ።

ደረሰ፦ ዓሣውን ተወኝ! እዚህ ጋ አንብብ። ምን ይላል?

ኩማ፦ ዘጠኝ ሺ ዘጠኝ መቶ። ዋጋው ነው?

ደረሰ፦ ጉልበቱ ነው! ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ይቆያል።

ኩማ፦ ማነው የጻፈው?

ደረሰ፦ የሠራው ነዋ!

ኩማ፦ እና እኔ ዓሣዬ ላይ "አምስት ኪሎ" ብዬ ብጽፍበት…

ደረሰ፦ ዓሣ ላይ አይጻፍማ!

ኩማ፦ ለዚህ ነዋ የሚመዘነው።

ደረሰ፦ [ግንባሩን ይዞ] ኩሜ፣ በጌታ ይዤሃለሁ፣ ዛሬ አታድርቀኝ። ጊዜ የለኝም። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የጸሎት ኅብረቱ እኔ ቤት ነው።

ኩማ፦ ባለፈውም አንተ ቤት አልነበር እንዴ? መብራት የጠፋ ዕለት?

ደረሰ፦ አታስታውሰኝ። ፓስተሩ "ወንድም ደረሰ፣ ባለ ባትሪው፣ እስቲ አብራልን" አሉ። ቤት ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። አስራ አራት ባትሪ አወጣሁ። አንዱ ውኃ ውስጥ የሚሠራ ነው፣ አንዱ የጉዱማሌን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ያበራል።

ኩማ፦ በራ?

ደረሰ፦ ድንጋይ የለውማ! በእማማ ተዋበች የሞባይል መብራት ጸለይን። ሚስቴ ታቢታ ሰዉን ሸኝታ በር ስትዘጋ፣ "በሚቀጥለው ሲመጡ አንዱ እንኳ ካልበራ፣ አስራ አራቱንም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጨረታ አወጣቸዋለሁ" አለችኝ። ኩሜ፣ ታቢታን ታውቃታለህ። ካለች አለች ነው።

ኩማ፦ ድንጋዩን ከባትሪው ጋር አብረህ አትገዛም ነበር?

ደረሰ፦ ባትሪዎቹን አውስትራሊያ ያለው የአክስቴ ልጅ ኤልናታን ነዋ የሚልክልኝ። እሱም እንደኔው የባትሪ ፍቅር ይዞታል። ድንጋዩን ግን አውሮፕላን ላይ አናስጭንም አሉት። ደግሞ እዚያም ውድ ነው ይላል፤ እሱ ራሱ እያበደረ ነው የሚያበራው፣ ከአንዱ አውጥቶ ለሌላው።

ኩማ፦ እዚህስ?

ደረሰ፦ አዲስ ከተማ ሰፈርን ሱቅ ለሱቅ አሰስኩ። አንዱ የለም አለ፣ አንዱ ዋጋውን ሲነግረኝ ይቅርታ ጠይቄው ወጣሁ። ትናንት ግን መንገድ ዳር ያለ አንድ ልጅ አራቱን በአንዱ ዋጋ ሰጠኝ! አላወቀበትም፣ ምስኪን።

ኩማ፦ እሱ ነው ያላወቀበት?

ደረሰ፦ ታዲያ! ጥራቱን ላሳይህ። ማታ ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ በአስር ደቂቃ ሞላ አለኝ። በአስር ደቂቃ!

ኩማ፦ ጀሪካኔ ሃያ ሊትር ነው ተብዬ ገዝቼው፣ በአንድ ጣሳ ውኃ ከሞላ…

ደረሰ፦ ደስ ይበልሃ!

ኩማ፦ ሻጩን ነው የምፈልገው።

ደረሰ፦ ና ወዲህ፣ በዓይንህ እይ። [ድንጋዩን ከኪሱ ባወጣው የእጅ ባትሪ ውስጥ ከትቶ፣ ኮቱን አውልቆ በሁለቱም ራስ ላይ ይጥላል። ከኮቱ ሥር ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል።] አየኸው? አየኸው! ፀሐይ ነው የወጣው!

ኩማ፦ [ከኮቱ ሥር] ገባ።

ደረሰ፦ ምኑ?

ኩማ፦ ፀሐዩ።

ደረሰ፦ [ከኮቱ ሥር] እያረፈ ነው። … ይመለሳል። … ኩሜ፣ አትተንፍስበት!

[ኮቱ ይነሳል። ደረሰ ባትሪውን ያራግፋል፣ ይመታል፣ ሌላ ድንጋይ ያስገባል፣ እንደገና ኮቱ ሥር ገብቶ ይወጣል። አራቱንም ሞከረ። ፊቱ ተለዋውጧል።]

ደረሰ፦ ሙቀቱ ነው። የሐዋሳ ሙቀት ለዚህ አይነቱ ጥሩ አይደለም።

ኩማ፦ የኔን ሙቀት ምንም አላደረገውም።

ደረሰ፦ የአንተን ምን?

ኩማ፦ ድንጋይ። ጎህ ሳይቀድ ሐይቅ እወርድ የለ? ያለ ባትሪ ዓሣ እንዴት አድርጌ ልምረጥ? [ከኪሱ ሁለት ሮዝ ድንጋዮች አውጥቶ አንዱን ሚዛኑ ላይ ያደርጋል፤ በሌላው ወገን የደረሰን ቀዩን ያስቀምጣል። የሮዙ ወገን ዘጭ ብሎ ይወርዳል።] አየህ፣ ይሄኛው በልቶ ያደረ ነው።

ደረሰ፦ [ሮዙን አንስቶ እያነበበ] ሁለት ሺ ሁለት መቶ? በቃ? ያሳዝናል! ለአንተ ግን ይበቃሃል።

ኩማ፦ ሞክረዋ።

[ደረሰ ሮዙን ባትሪው ውስጥ ከትቶ ኮቱ ሥር ይገባል። ኮቱ ከውስጥ ቦግ ይላል። አሁንም እንደበራ ነው። ደረሰ ቀስ ብሎ ይወጣል።]

ደረሰ፦ ከየት አገኘኸው?

ኩማ፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ። ስድስት ናቸው፣ ጎን ለጎን ተኝተው። ስድስቱም ደህና ነበሩ ማለት አይደለም፤ አራቱ ሞተዋል። ጠጋኙ ነው የከፈተልኝ፤ ራስህ አትሞክረው፣ እሳት አለው ብሎኛል።

ደረሰ፦ የላፕቶፑን ባትሪስ ከየት?

ኩማ፦ ከልዋጩ። ሳፋና ባልዲ ተሸክሞ በየሰፈሩ አሮጌ ዕቃ የሚለውጠው አለ አይደል? አምና ክረምት ጆንያው ውስጥ አይቼ በሁለት ቆሮሶ ወሰድኩት።

ደረሰ፦ [ብድግ ብሎ] ቆይ ቆይ! እኔ ለአንዲት ድንጋይ ከተማ እየዞርኩ፣ አንድ ሰው ስድስት ድንጋይ ሙሉ ለልዋጭ ሰጥቶ ሳፋ ይወስዳል? ምን አይነት ደንቆሮ ነው! እንዲህ አይነቱን ነው ሰብስቦ ማስተማር!

ኩማ፦ ተው ደረሰ፣ ሰው አይሰደብም።

ደረሰ፦ ይሰደባል! እንዴት ያለ ጅል ነው! እንዲህ ያለ ሰው አግብቶ ይሆናል እኮ! ሚስቱ ታሳዝናለች!

ኩማ፦ እሷስ ታሳዝናለች።

ደረሰ፦ ታውቀዋለህ እንዴ? ማነው?

ኩማ፦ እኔ ስም አልጠራም። የባትሪው ልባስ ላይ ተጽፏል። [ከቅርጫቱ ጥቁር ፕላስቲክ አውጥቶ ይሰጠዋል።] አንተ አንብበው፣ የተማርክ ነህ።

ደረሰ፦ [ጮክ ብሎ] "የደረሰ ነው። ማንም…" [ድምፁ እየወረደ] "…እንዳይነካ።"

[ባጃጅ ያልፋል።]

ኩማ፦ ልዋጩ ሲስቅ ነበር። "ሰውዬው 'ባትሪ ከሞተ ውስጡ ያለው ሁሉ ሞቷል' ብሎ ግማሽ ሰዓት አስተማረኝ" አለኝ።

ደረሰ፦ አንተ… ዓመት ሙሉ እያወቅህ! አትነግረኝም?

ኩማ፦ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አንተ አትጠይቅም፣ ታስረዳለህ።

ደረሰ፦ [ተቀምጦ፣ በለሆሳስ] ኩሜ፣ ወንድሜ። ሁለቱን ለዛሬ ማታ ስጠኝ። የፈለግከውን ጠይቀኝ።

ኩማ፦ በልዋጭ ከሆነ ይሁን። ያን ሳፋ አምጣልኝ፣ ለዓሣ ማጠቢያ።

ደረሰ፦ ሳፋውንማ አይሆንም!

ኩማ፦ ለምን?

ደረሰ፦ ታቢታ "ከተጋባን ጀምሮ ካመጣኸው ዕቃ ሁሉ የሠራው ይሄ ሳፋ ብቻ ነው" ነው የምትለው! እሱ ከቤት ከወጣ፣ ባትሪዎቹን ትታ እኔን ነው ለጨረታ የምታወጣኝ!

ኩማ፦ [አይቶት አይቶት፣ ሁለቱን ሮዝ ድንጋዮች እጁ ላይ ያስቀምጥለታል።] በል ያዝ፣ በነፃ ነው። አንተ ለጨረታ ወጥተህ ማንም ሳይጫረትብህ ስትቀር ከማይ፣ በጨለማ ዓሣ ብመርጥ ይሻለኛል።