አቶ ይቆየኝ እና ሁለቱ ሸሚዞች

በየትኛውም ደህና ልብስ ቤት፣ ሁለት ሸሚዝ ይዞ መስታወት ፊት ሥር የሰደደ አንድ ትልቅ ሰው አይጠፋም። ገንዘብ ቸግሮት አይደለም። የቸገረው፣ አንዱን ሲያነሳ ሌላው አንጀቱን ስለሚበላው ነው።

የዚህ ወገን ሊቀ መንበር፣ የአንዲት ልብስ ቤት ሻጭ «አቶ ይቆየኝ» ብላ የሰየመቻቸው ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። ስሙን ያገኙት ለፍተው ነው። በሩ ገና ሲከፈት ይገባሉ፤ ሁለቱን ሸሚዞች ያስወርዳሉ፤ ይለካሉ፤ ያወልቃሉ፤ ደግመው ይለካሉ። ከዚያ «ለነገ ይቆየኝ» ብለው ውልቅ ነው። በሥራ ዘመናቸው ድልድይ የት እንደሚቆም በአንድ እይታ ይወስኑ ነበር አሉ። ያሉትም ራሳቸው ናቸው።

አንደኛው ሸሚዝ ነጭ ነው፤ ኮሌታው ደረቅ፣ ቁልፎቹ የዛጎል፤ የለበሰው ሁሉ ፍርድ ሊሰጥ የተሰየመ ይመስላል። ሁለተኛው የሐር ነው፤ ከትከሻ እስከ ወገብ ትልልቅ ቀይ አበባ ፈሶበታል፤ የለበሰው ሁሉ ሳይጋብዙት ሊዘፍን የተነሳ ይመስላል። ሁለቱም እኩል ውድ ስለሆኑ ዋጋ እንኳ ሊገላግላቸው አልቻለም። ጉዳዩ ደግሞ አብራቸው የምትኖረው የአንዲት ልጃቸው ሠርግ ነው።

«በነጩ የሙሽራ አባት እመስላለሁ፤ በአበባው ግን ራሴን እመስላለሁ» አሉ አንድ ቀን።

ሻጯ ተስፋ አደረገች። «እንግዲያው አበባውን ልጠቅልልልዎት፣ ጋሼ?»

«ራሴን መምሰሌ ጥሩ ነው ያለሽ ማነው?»

ካልሲ ልትገዛ የገባችን ሴት አስቁመው አማከሩ። ሴትየዋ ነጩን መረጠች።

«ባለቤትሽ ነጭ ይለብሳል?»

«አዎ።»

«ደስተኛ ነው?»

ሴትየዋ ካልሲውን ትታ ወጣች። ለወንድማቸው ደውለው አበባውን ቅጠል በቅጠል ሲያስረዱት ደግሞ፣ «መጋረጃ ነው እንዴ የምትገዛው?» ብሎ ዘጋባቸው።

በሠርጉ ዋዜማ የሻጯ ትዕግሥት አለቀ። ሁለቱንም ሸሚዞች ጓዳ ደበቀችና ገና ከበር ተቀበለቻቸው።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ተሸጡ።»

ክው አሉ። ከዚያ፣ «የትኛው ቀድሞ ሄደ?» አሉ።

«አበባው» አለች አፏ እንዳመጣላት።

«አውቄ ነበር! እሱን ልወስድ ነበርኮ የመጣሁት!»

ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ሮጣ አመጣችላቸው። ሸሚዙን ደረታቸው ላይ አስጠግተው አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«ነጩስ?»

«ጋሼ!»

ከፈሉ። ሲወጡ ግን ዘመድ ሆስፒታል ትቶ እንደሚሄድ ሰው ዞር ዞር እያሉ ነበር።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ተመልሰው ብቅ ሲሉ፣ ሻጯ ሸሚዙን ሊመልሱ መስሏት ወገቧን ይዛ ጠበቀቻቸው። እጃቸው ባዶ ነበር።

«ልጄ ከማለዳ ጀምራ ስታለቅስ ነበር» አሉ። «ብቻህን ትቼህ እንዴት እሄዳለሁ እያለች፣ ማንም ሊያባብላት አልቻለም። ያንን ለብሼ ከክፍሌ ብቅ ስል፣ እንባዋን ሳትጠርግ በሳቅ ፍርስ አለች። ‹አባዬ፣ አንተማ ብቻህን ትችላለህ› አለችኝ።»

ሻጯ የታጠፈ ሹራብ ፈትታ እንደገና ታጥፍ ጀመር።

«ነጩ ግን ይሻል ነበር እንዴ?» አሉ።

«ነጩን ለብሰው ቢሆን አብራችሁ ታለቅሱ ነበር።»

ይህንን በጥሞና መረመሩት። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ እያለ ወደ መደርደሪያው ሄደ። «የወንድሜም ልጅ ልታገባ ነው።»

«መቼ?»

«ኧረ ገና ነው። ዓመት ይቀረዋል።»

«ዓመት ብቻ?» አለች ሻጯ መሰላሉን እየሳበች። «አይበቃንም፣ ጋሼ። ዛሬውኑ እንጀምር።»