የበርሜሉ ኢንስፔክተር

ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ሁሉ አንድ የቆሻሻ ኢንስፔክተር አይጠፋም። የሾመው የለም፤ የሚሽረውም የለም። እኛ ግቢ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ እስኪ ነገ ጠዋት ቆሻሻችሁን ስታወጡ ቀና ብላችሁ መስኮቶቹን ተመልከቱ።

በዚህኛው ግቢ ሥልጣኑን የያዙት ክብርት ኢንስፔክተር ናቸው። ማዕረጉ በሌሉበት የተሰጣቸው ነው፤ ፊት ለፊት ሁሉም “እትዬ” ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ እጃቸው ግን መለየቱን አልተወም። ማለዳ የላስቲክ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ቁራጭ እንጨት ይዘው በርሜሉ ዳር ይቆማሉ። እርጥቡን ከደረቁ፣ ጠርሙሱን ከወረቀቱ ይለያሉ። ሥራው የሚነቀፍ አይደለም፤ አንዱ ቆሻሻ ሰብሳቢ እጁን በብርጭቆ ስባሪ ከተቆረጠ ወዲህ ጓደኞቹ ያልተለየ ቆሻሻ አናነሣም ብለዋል። የሚያስጨንቀው ከሥራው ጋር የሚመጣው አስተያየት ነው።

“እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ ይሄ ዳቦ ሳይነካ ለምን ይጣላል?” ይላሉ።

እኔ ምን አገባኝ ካሉ እንዳገባቸው ዕወቁ። ፎቅ ላይ ያሉት አዲስ ተጋቢዎች አንድ ሰሞን የሳህን ስባሪ ቢያበዙ ደረጃው ላይ አስቆሟቸውና፣ “እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ የፕላስቲክ ሳህን አይሰበርም” አሏቸው። ሲጋራ ትቻለሁ ብሎ ለሚስቱ የማለውን ሹፌር ግን ቆሻሻውን ከፈቱ በኋላ ትክ ብለው አይተውት አለፉ። ሰውዬው አንድ ሳምንት ሙሉ በጓሮ በር ገባ።

ከሁሉም አብልጦ የሚፈራቸው ምድር ቤት የሚኖረው ሰዓት ሠሪ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ የሚያደርገው ጠብታ ሲያዝለት፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ እንዳልሆነ ቁርጡን ነግሮታል። የሰዓት ሠሪ ዓይን ደከመ ከተባለ ደግሞ ማን ሰዓቱን አምኖ ይሰጠዋል? ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። ከሐኪሙና ከሚስቱ በቀር ነገሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውቅም አልፈለገም።

ስለዚህ ባዶ የጠብታ ብልቃጥ መጣል ትልቅ ዘመቻ ሆነበት። መድኃኒት ቤቱ በካርቶኑ ላይ የጻፈውን ስሙን የሰዓት ጀርባ በሚከፍትበት ስለት ይፍቃል። ከዚያ ካርቶኑን ከነብልቃጡ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሁለት ፌስታል ቋጥሮ፣ ከድንች ልጣጭ ሥር ይቀብረዋል። ጥሎ ሲመለስም መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ይሰልላል። አንድ ቀን እትዬ ፌስታሉን ሲፈቱት አየ። እጃቸው ምን እንደሚሠራ ከዚያ ርቀት መለየት አልቻለም። ቀና ብለው ወደ መስኮቱ መመልከታቸውን ግን አልሳተውም።

“አለቀልኝ” አላት ሚስቱን። “እስከ ምሳ ሰፈሩ ይሰማል።”

“ምናልባት ጠርሙሱን ሊለዩ ይሆናላ።”

“ጠርሙስ የሚለይ ሰው የኔን መስኮት ምን ያሳየዋል?”

በሳምንቱ አዲሱን ፌስታል ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሦስት መንገድ ተሻግሮ የማያውቁት ግቢ ገባ። ገና የበርሜሉን ክዳን ከማንሣቱ ከበረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ “አንተ፣ የየትኛው ቤት ነህ?” አሉት። እዚያም ኢንስፔክተር አለ። ፌስታሉን እንዳቀፈ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ።

ሲብስበት እትዬን ፊት ለፊት ገጠማቸው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና እትዬ፣ የሰው ቆሻሻ መፍታት ነውር አይደለም?”

“ጥለኸው የለም እንዴ? ከጣልከው በኋላ ምኑ ያንተ ነው?”

“ጣልኩት እንጂ መቼ ለሰው አሳየሁት? ፖስታ ቤትም የሰው ደብዳቤ እንዲህ ነበር የሚፈቱት?”

እትዬ ጓንታቸውን አወለቁ። ነገሩ እንደነካቸው ያስታውቃል። “ሠላሳ ዓመት ፖስታ አገላብጫለሁ። አንዲት ቀን አልፈታሁም፤ ከማን ለማን እንደሚሄድም ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ምን አገባኝ…” ብለው ጀመሩና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨርሱት ቀሩ።

ይኼ ደግሞ ይብሱን እንቅልፍ ነሣው። የሚናገሩትን የዋጡት ለማን ሊያቆዩት ነው?

ወሬው መውጣት አለመውጣቱ የሚታወቀው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነው። እሱ ያልሰማው ነገር ገና አልሆነም ማለት ነው። ሰዓት ሠሪው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተስተካከለ። በሦስተኛው ጊዜ አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

“ወንድሜ፣ ምኑን ልቁረጠው?”

“ጆሮዬ አካባቢ ነካ ነካ አድርገው። እንዴት ነው፣ ሰፈር ሰላም ነው?”

አስተካካዩ አንዱን ወገን ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ፣ ከሁለቱ በቀር ሰው በሌለበት ክፍል ግራ ቀኙን አየ። “የግቢያችሁን ጉድ አልሰማህም? የዓይኑን ነገር?”

ሰዓት ሠሪው ከወንበሩ ቀና አለ። “የማን ዓይን?”

“የእትዬ ነዋ። እየጠፋ ነው። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እዚሁ ሲስተካከሉ ነገሩኝ፤ ከሳቸው ቢጫ ፌስታል በየሳምንቱ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ይወጣል። አንዱ ቢጠይቃቸው፣ ‘አዎ፣ የኔ ነው’ አሉት። አንጀቴን በሉት። ይኸው መንገድ ሳሻግራቸው ሰነበትኩ።”

“እሺ ብለው ይሻገራሉ?”

“እየተቆጡም ቢሆን ይሻገራሉ።”

ሰዓት ሠሪው በሃፍረት ውሃ ሆነ። ፎጣውን አንሥቶ፣ አንድ ወገን የተቆረጠ ራሱን ይዞ ወደ ግቢው ገሰገሰ። እትዬ እንደ ልማዳቸው በርሜሉ ዳር ነበሩ።

“እትዬ፣ ብልቃጡን ለምን የኔ ነው አሉ?”

ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስምህን ፋቅኩ ብለህ የፋብሪካውን ስም ነው የፋቅከው። ያንተ ስም ከነአባትህ ቁጭ ብሏል። እነዚያ ቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆች ደግሞ ያዩትን ሁሉ ያወራሉ፤ ካርቶኑን ቀድጄ ብልቃጡን ወደ ፌስታሌ ያዛወርኩት ለዚህ ነው። እኔ ሰዓት አልሠራ፣ ዓይኔ ጠፋ ቢባል ምን ይቀርብኛል?”

ሰዓት ሠሪው ያን ሁሉ ቀን በክፉ ያያቸው እኚህን ሴት ነበር። የእናቱን ያህል ወደዳቸው።

በማግሥቱ አስተካካዩ ዘንድ ተመልሶ የቀረውን ወገን አስቆረጠና፣ “ብልቃጡ የኔ ነው” አለ። “የእትዬ ዓይን ከኔና ካንተ ይበልጣል። እጃቸውን ልቀቅላቸው።”

እስከ ምሳ ሰፈሩ ሰማ። የፈራውም አልቀረም፤ የእጅ ሰዓት ይዘው የሚመጡት ቀነሱ። ክብርት ኢንስፔክተር ግን ግዛታቸውን አስፍተው ከበርሜሉ ወደ ሳሎን ገቡ። በየቤቱ እያንኳኩ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። “እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ ሰዓታችሁ አምስት ደቂቃ ይዘገያል። ለትልቅ ሰዓት የሰዓት ሠሪያችን ዓይን ይበቃል።” በወር ውስጥ የሰዓት ሠሪው ግድግዳ በሰው ግድግዳ ሰዓት ተሞላ።

ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ ብሎ፣ አንድ ሰኞ ባዶውን ብልቃጥ ከነካርቶኑ ሳይጠቀልል ስሙን ወደ ላይ አድርጎ ከቆሻሻው አናት ላይ አስቀመጠውና መስኮቱን ከፍቶ ቆመ። እትዬ መጡ። አዩት። ከሥሩ የድንች ልጣጭ በእጃቸው ሙሉ አነሡና አለበሱት።

“እኔ ምን አገባኝ” አሉ ወደ መስኮቱ ሳያዩ፤ “ብቻ ሰው ገመናውን እንዲህ አያሰጣም።”